መጀመሪያ ገምቱ፣ ከዚያ እናንቀሳቅሰዋለን

ሰሞኑን ፓራቦላ (እንደ ስኒ የጎደጎደ የግራፍ ኩርባ) እያስተማርኩ ነው። አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ እንቅልፍ ስለነሳኝ ዛሬ ማታ ልጻፈው አልኩ። ሲሙሌሽን (አንድን ነገር ኮምፒውተር ላይ እያስመሰለ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ተማሪን እንዲያስብ የሚያደርገው ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ነገር አይመስለኝም። ከመንቀሳቀሱ በፊት ያለችው ደቂቃ ናት። «እንዲህ ይሆናል» ብሎ ደብተሩ ላይ የጻፈ ልጅ እና ዝም ብሎ የሚመለከት ልጅ አንድ ስክሪን እያዩ የሚያዩት ግን ለየቅል ነው።

ያለን አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ነው። በኔትወርክ ስለማልተማመን የምፈልገውን ሁሉ ቤት አውርጄ እመጣለሁ። ብዙ ጊዜ የምጠቀመው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጂኦጀብራ ነው፤ ግራፍና ቅርጽ እየሣሉ የሚያንቀሳቅሱበት የሒሳብ ሶፍትዌር። ማርኩስ ሆሄንቫርተር የሚባል ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ እያለ የጀመረው ነው። ሌላው ፌት ነው፤ የሳይንስና የሒሳብ ሲሙሌሽኖች ስብስብ። በ2001 በፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ የሆነው ካርል ዋይማን በዓመቱ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ቦልደር መሠረተው። ሁለቱም ለመምህርና ለተማሪ በነፃ ናቸው፤ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ለእኛ ዋናው እሱ ነው።

ወደ ፓራቦላው ልመለስ። ቀመሩ ኤ ኤክስ ስኩዌር፣ ፕላስ ቢ ኤክስ፣ ፕላስ ሲ ነው። ለሦስቱም ፊደላት ስላይደር አበጀሁላቸው። ስላይደሩን ሲጎትቱት ቁጥሩ ይለወጣል፣ ግራፉም አብሮ ይለወጣል። ሲ ቀላል ናት፤ ግራፉን ከፍና ዝቅ ታደርገዋለች። ኤ ታጠብበዋለች፣ ታሰፋዋለች፣ ኔጌቲቭ ስትሆን ትገለብጠዋለች። ይሄን ልጆቹ ወዲያው ያዙት። ጉዱ ያለው ቢ ላይ ነው።

ኤን 1፣ ሲን 0 አድርጌ እጄን ከማውዙ አነሳሁ። «ቢን ስጨምር ይሄ የታችኛው ጫፍ፣ ቨርቴክሱ፣ በየት በኩል ይሄዳል? መንገዱን ደብተራችሁ ላይ ሣሉ። ለጊዜው መነጋገር የለም» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በየወንበሩ መሀል ስዞር አብዛኛው ወደ ጎን የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ግራፉ ተንሸራትቶ የሚሄድ መስሏቸዋል። ጥቂቶች ዘመም አድርገው ሣሉ። አንዱ ባዶ ትቶታል። «ምንም ቢሆን ጻፍ፤ ማርክ የለውም» አልኩት። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር እንዲከራከሩ ፈቀድኩ። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፣ የሒሳቡ ቃል ደግሞ በእንግሊዝኛ። ይሄ የጅማ ክፍል ጫጫታ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ስላይደሩን ቀስ አድርጌ ጎተትኩት። ጂኦጀብራ ላይ አንድ ነጥብ ያለፈበትን መንገድ ምልክት እየተወ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ቨርቴክሱ ወደ ግራ ሄደ፤ እየሄደም ወደ ታች ወረደ። ክፍሉ ጮኸ። ቢን ወደ ኔጌቲቭ ሳመጣው በቀኝ በኩልም ወረደ። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ «ቲቸር፣ መንገዱ ራሱ ፓራቦላ ነው! የተገለበጠ» አለች።

እዚያ ላይ ትምህርቱን መጨረስ ይቻል ነበር። ልጆቹ ተደስተዋል፣ ሥዕሉም ያምራል። እኔ ግን ፕሮጀክተሩን አጠፋሁት። «ፓራቦላ መሆኑን በምን አወቅሽ? የሚመስል ሌላ ኩርባ ቢሆንስ?» አልኳት። ቁጥር ማውጣት ጀመሩ። ቢ 2 ሲሆን ጫፉ ኤክስ ኔጌቲቭ 1 እና ዋይ ኔጌቲቭ 1 ላይ ነው። 4 ሲሆን ኔጌቲቭ 2 እና ኔጌቲቭ 4። 6 ሲሆን ኔጌቲቭ 3 እና ኔጌቲቭ 9። «1፣ 4፣ 9፤ ስኩዌር ነው» የሚል ድምፅ ከሦስት አቅጣጫ መጣ። አሁንም ሦስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ለሁሉም ቢ ይሠራል ለማለት አይበቃም። በመጨረሻ አንድ ልጅ ቾኩን ተቀበለኝ። የቨርቴክሱ ኤክስ የቢ ግማሽ ነው፣ በኔጌቲቭ። ስለዚህ ቢ ማለት ኔጌቲቭ ሁለት ኤክስ ነው። ይህን ቀመሩ ውስጥ ሲተካው ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ሁለት ኤክስ ስኩዌር ሆነ፤ ማለትም ኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌር። ሁለት መስመር ብቻ። ያንን ማረጋገጫ ቀድሜ ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ኖሮ ማን ከልቡ ያየው ነበር? የራሳቸው ግምት ሲፈርስ ስላዩ ግን ምክንያቱን ፈለጉት።

ከማናና ከጎማ ወረዳዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ቤተሰባቸው ቡና አምራች የሆኑ ልጆች አሉኝ። ለእነሱ ስል ሌላ ጥያቄም አመጣሁ። በ20 ሜትር ገመድ አራት ማዕዘን የቡና ማስጫ ብናጥር፣ ሰፊው ቦታ የትኛው ነው? ብዙዎቹ «ገመዱ ያው ስለሆነ ስፋቱም ያው ነው» ብለው ጻፉ። 1 በ9 ሲሆን 9 ካሬ፣ 5 በ5 ሲሆን 25 ካሬ። ጎኑን እየጎተትን ስፋቱን በግራፍ ስናወጣው ያው የተገለበጠው ፓራቦላ መጣ፤ ጫፉ 5 ላይ። ቨርቴክስ ምን እንደሚጠቅም ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም።

ዝናብ ሲመጣም ሲሙሌሽኑ ይረዳኛል። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመምህር ድምፅ አይሰማም። ያኔ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ ግምታቸውን ይጽፋሉ፣ እኔ አንቀሳቅሳለሁ። ክፍለ ጊዜው አይባክንም።

በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የሒሳብ መምህር አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። «ልጄ፣ ፈተናው ላይ እኮ ስላይደር የለም» ይሉኛል። ስጋታቸውን አልንቀውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ያየ መምህር ለጨዋታ የሚሰጠው ጊዜ የለውም። እኔም ማውዙን ለልጆቹ ሰጥቶ «ተጫወቱ» በሚለው አላምንም። ያለ ጥያቄ ከተሰጣቸው ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል፣ ይስቃሉ፣ ደብተራቸው ባዶ ሆኖ ደወል ይደወላል። ግን ቀመር በቃሉ የሸመደደ ልጅም ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲልበት ግራ ይገባዋል። ቁጥር ሲለወጥ ምን እንደሚሆን መገመት የለመደ ልጅ ቢያንስ የሚጀምርበት አለው።

ይህንኑ ስነግራቸው ጋሼ ትንሽ አሰቡና ወረቀት ጠየቁኝ። «እስቲ ቢን ተዪውና ኤን ብታንቀሳቅሺስ? ጫፉ በየት ይሄዳል?» አሉ። ይሄን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ሠራሁት። ቢ 2፣ ሲ 0 ከሆነ ጫፉ የሚሄደው በቀጥታ መስመር ላይ ነው፤ ኤክሱና ዋዩ ሁልጊዜ እኩል ናቸው።

ሰኞ የምጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው። ከአሁኑ ትምህርት በኋላ ብዙዎቹ ኩርባ የሚሥሉ ይመስለኛል። ጋሼም ክፍል ገብተው ከልጆቹ ጋር ሊገምቱ ቃል ገብተውልኛል።