የጎርጎራው ማርያም ግንብ

ከባሕር ዳር ተነስቶ በየብስ ጎርጎራ መድረስ ጣናን በምሥራቅ በኩል ዞሮ ሰሜናዊ ዳርቻው ላይ መውረድ ነው። ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራዝ ስንቃረብ የአፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ በስተቀኝ ከኮረብታው ላይ ብቅ አለ። አዘዞ ላይ ወደ ግራ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ያለው የደንቢያ ሜዳ ነው፤ ጥቁር አፈር፣ ጤፍና ሽንብራ፣ በጯሂት በኩል እስከ ሐይቁ ድረስ።

የመጣሁት ለማርያም ግንብ ነው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ላሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ። ከጎርጎራ ከተማ በስተምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ባለ መሬት ላይ ይገኛል። በጀልባ ተሻግረን ወደ ፍርስራሹ ስንወጣ በአቅራቢያው የሚያርሱ አንድ አዛውንት መንገድ መሩን።

«በልጅነቴ ጣሪያው ነበረ፣ ልጄ» አሉኝ። «ከብት ስንጠብቅ ዝናብ ከመጣ እሱ ሥር ነበር የምንጠለለው።»

«ታዲያ መቼ ወደቀ፣ አባቴ?»

«አንድ ቀን አልወደቀም። ክረምት በገባ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ነው።»

ጣሪያ የሚሉት በግማሽ ክብ የጎበጠውን የመቅደሱን የድንጋይ ጣሪያ ነው። በአራት ማዕዘን ክፍሎች የተከፋፈለ ነበር፤ በየክፍሉም አበባ ተቀርጾበታል። እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከፊሉ ቆሞ ነበር። አሁን ሣሩን ገለጥ ሲያደርጉት ከእነዚያ አበቦች አንዱ ይገኛል፤ የቅጠሎቹ ጠርዝ ዛሬም በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የዛፍ ሥር ገብቶ ድንጋዩን ከድንጋይ እያላቀቀው ነው።

ብዙ ሰው ግንቡን የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ይለዋል። ይህ ስፔናዊ የካቶሊኮቹ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በአፄ ሱስንዮስ ዘንድ ሞገስ አግኝቷል፤ በ1622 የሞተውም እዚሁ ጎርጎራ ነው። በጎርጎራ በድንጋይ መገንባቱን የጀመረው እሱ ቢሆንም፣ ዛሬ የምናየው በኖራ የታሰረ ግንብ ግን በአብዛኛው ከሞቱ በኋላ የተሠራ ነው። ኖራው ትልቁ ነገር ነው። በአካባቢው የተለመደው ድንጋይን በጭቃ ማሰር ነበር። ከሕንድ የመጡ ግንበኞች እዚህ ኖራ ማቃጠልንና መለሰንን ይዘው ሲሠሩ፣ ድንጋዩን የጠረበውና ያመላለሰው የአገሬው እጅ ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲገነቡ ይህ ዕውቀት በአገሩ ሥር ሰድዶ ነበር።

የካቶሊክ ሃይማኖቱ ግን ሥር አልሰደደም። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ እ.ኤ.አ. በ1625 መጥቶ ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግም ይሾሙ፣ የቅዳሜ ሰንበት ይሻር ባለ ጊዜ አገሩ በእሳት ተያያዘ። ገበሬው ለእምነቱ ሞተ፣ ንጉሡም የገዛ ሕዝቡን ሬሳ አየ። በ1632 ካቶሊክነትን ተቀብለው የነበሩት ሱስንዮስ የቀደመው የኦርቶዶክስ እምነት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ይህ ሕንጻ ምዕመን አልባ ሆነ።

እዚያው ጎርጎራ ያለችውን ደብረ ሲና ማርያምን ስናይ ልዩነቱ ልቤን ነካው። ክብ ናት፤ ጣሪያዋ የሣር ክዳን፣ ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ፣ መቅደሷ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ያጌጠ ነው። የሣር ክዳን ዘመን አይሻገርም፤ ሰው ነው የሚያሻግረው። ሣሩ በበሰበሰ ቁጥር የሚያጭድ፣ የሚሸከም፣ የሚከድን ምዕመን አላት። ያ ሁሉ የተጠረበ ድንጋይ ግን አንድ ዛፍ የሚነቅልለት አላገኘም።

ማርያም ግንብ በሕዝባችን ላይ በግድ የተጫነ እምነት ቤት ስለነበረ ይፍረስ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በፍጹም አልስማማም። የእኛ ግንበኞች ላብ ያለበት፣ ጎንደርን ለመረዳት የግድ መታየት ያለበት ቦታ ነው። የማድሪድ አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እዚህና በአዘዞ፣ የሱስንዮስ መናገሻ በነበረችው በደንቀዝም ቆፍረው አጥንተዋል። በጣሊያን ዘመን የተነሱ ፎቶግራፎችም ሕንጻው ምን ይመስል እንደነበር ያሳያሉ። አበባ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ለቤትና ለአጥር ተለቅመው ሳያልቁ ይቆጠሩ፣ ይመዝገቡ፣ ጣሪያ ባለው ቦታ ይቀመጡ። ግድግዳውን የሚያላቅቀው የዛፍ ሥርም ከመጪው ክረምት በፊት ይቆረጥ።