ሰባዎቹን ፍለጋ ወደ ድሬ

ስለ ደርግ ዘመን ዋጋ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚባለው አንድ ነው፤ «ያኔ ምን ያልረከሰ ነገር ነበር!» ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም፣ ሻይ በስሙኒ፣ የቀበሌ ቤት በጥቂት ብር። ውሸት አይደለም። ዶላሩ ከ1965 ጀምሮ እስከ መስከረም 1985 ድረስ ከዚያች ዋጋ ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን የ1970ዎቹ ልጅ ነኝ፤ ከዋጋው ይልቅ ትዝ የሚለኝ ሰልፉ ነው። ስኳር መጣ ሲባል እናቴ ዘንቢል አስይዛ የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ታቆመኛለች። ተራዬ ሲቃረብ ካርዱን ይዛ ትደርሳለች፤ ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ብዛት ሰፍሯል፣ የሚሰጠውም በዚያው ልክ ነው። ሳሙናው ርካሽ ነበር። ግን አልቋል የሚባልበት ቀን ይበዛ ነበር።

እዚያው ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከቀበሌ ሱቅ ያልመጡ ነገሮች ነበሩ። የአባቴ ናሽናል ቴፕ፣ አበባ የተሳለበት ቴርሞስ፣ ታላቅ ወንድሜ ለእሁድ ብቻ የሚለብሰው ጂንስ። ከየት መጡ ሲባል መልሱ አጭር ነው፤ «ከድሬ»። ለእኔ ድሬዳዋ ማለት ሰልፍ የሌለበት ዕቃ የሚወርድባት ጣቢያ ነበረች። ያንን ዕቃ ያመላለሱትን ሰዎች በሕይወት ሳሉ አግኝቼ መስማት እፈልግ ነበርና ሙቀቱ ሳይበረታ ብዬ በጥር መጨረሻ ተነሳሁ።

የተሳፈርኩት ከፉሪ-ለቡ ጣቢያ ነው። በመስከረም 2009 የተመረቀው፣ ቻይናዎች የሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። መቀመጫው ይመቻል፣ መንገዱም ደህና ነው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። መተሐራ ላይ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የድሮውን ሐዲድ ያስቸገረው የበሰቃ ሐይቅ በመስኮት ይታያል። አዋሽ ስንደርስ ግን ወሬዬን አቆምኩ። በጥር 1977 እዚህ አካባቢ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። በእኛ ሠፈር ለሟች ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ የሞተችው ሴት ከድሬ ሽቶና ሻሽ እያመጣች የምትሸጥ ጎረቤት ነበረች። ሰው ለንግድ ሲወጣ እንዲያ እንደሚቀር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጪ ስለሆነ ወደ መሐል የገባሁት በባጃጅ ነው። ማረፊያ የያዝኩት ከዚራ ነበር፤ የድሬዳዋ ዛፍ ያጠላባቸው ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ፈረንሳዮች በነደፉት አቀማመጥ። ከተማዋን የወለዳት ሐዲዱ ነው። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ተራራውን መውጣት ከበደው፤ በ1895 እዚህ ሜዳ ላይ ደርሶ ቆመ፣ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ ዓመታት ፈጅቶ በ1909 ነው። የድሮው ጣቢያ ዛሬም በቦታው አለ፤ ጥበቃውን አነጋግሮ፣ ትንሽ ከፍሎ ወደ ጋራዡ መግባት ይቻላል።

ያስጎበኙኝ የምድር ባቡር ድርጅቱ ጡረተኛ ናቸው። ፈረንሳይኛው ከአማርኛውና ከኦሮምኛው ጋር እየተቀላቀለ ከአፋቸው ይወጣል፤ የማሽኑን ክፍል ሁሉ የሚጠሩት በፈረንሳይኛ ነው። የብረት ማቅለጫውን፣ ቶርኖዎቹን፣ ጣሊያን ያመጣቸውን ሊትሪና የሚባሉ በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ ፉርጎዎች አሳዩኝ። ብዙዎቹ ማሽኖች አሁንም ዘይት ተቀብተዋል። ደሞዝ ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት እንኳ መጥተው ይወለውሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ እኔም እንዲህ ያለ ሥራ ተመዝግቦ መቀመጥ ያለበት ይመስለኛል።

ከሁሉም ያቆየኝ ግን አንድ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ነው። የእንጨት አግዳሚ፣ የሽቦ ዕቃ መስቀያ፣ ዝገት የያዘው የመስኮት ፍሬም። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው የአግዳሚውን የታች ጣውላ መታ መታ አደረጉ። ባዶ ድምፅ ሰጠ። «ብሎኖቹን እይ» አሉኝ። ጣውላውን የያዙት አራቱ ብሎኖች ጭንቅላታቸው ተልጦ የመፍቻው መስመር ጠፍቷል፤ ከፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ብሎኖች ግን እንዳሉ ናቸው። «ይሄኛው ሥራ የበዛበት ነው። ካሴት፣ ሰዓት፣ ባትሪ እዚህ ይገባል። አዋሽ ኬላ ፊናንስ ሲገባ ሁሉም ሰው ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል።» ፊናንስ የሚሉት የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪውን ነው። ስለ ኮንትሮባንድ የሰማሁት ሁሉ ከእነዚያ ብሎኖች ጋር ሲነጻጸር ወሬ ብቻ ሆነብኝ።

በማግስቱ ታይዋን ገበያ ወረድኩ። ገበያው ዛሬም ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስና ሽቶ የሞላበት ነው፤ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ሻጩም «አቦ፣ ና እየው!» ይላል። ካደርኩበት ቤት የተነገረኝን ይዤ አንዲት እናት ደጃፍ ደረስኩ። ሻሽና ሽቶ ይሸጣሉ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለብዙ ዓመት በባቡር ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። በርጩማ አቀረቡልኝ፣ ከጎረቤት የሁመር ጭማቂ አስመጡልኝ። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ፣ በ1969፣ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንደገና ሲከፈት ነው ንግዱን የጀመሩት፤ ባለቤታቸው ዘምተው አልተመለሱም፣ ልጆቹን ማሳደግ ነበረባቸው።

«እናቴ፣ ዕቃውን በኬላ እንዴት ነበር የምታሳልፉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለብሼው ነዋ!» አሉ። «ሦስት ጂንስ አንዱን በአንዱ ላይ፣ ከላዩ ድሪያ። ውስጤ እየተቀቀለ። መተሐራ ላይ ሙቀቱን ታውቀዋለህ አይደል? ቴርሞሱን ደግሞ ለተሳፋሪ አከፋፍላለሁ። አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለአንተ። ፊናንስ ሲጠይቅ እያንዳንዱ የራሴ ነው ይላል። አዲስ አበባ ስንደርስ ይመልሱልኛል።»

«ይዞ የጠፋ አልነበረም?»

«ወላሂ፣ አንድ ሰው አልወሰደብኝም። የወሰደብኝ ኬላው ነው። አንዴ ሁሉን ወረሱኝ፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጎረቤቶቼ እቁቡን ቀድሜ እንድወስድ ፈቀዱልኝና እንደገና ተነሳሁ።»

ያኔ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እሳቸው በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አዲስ አበባ ያለች እህታቸው «እንደታመመች» ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ኩራት ነበር። እኔም ኮራሁባቸው። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ብቻዋን አምስት ልጅ ማሳደግ ማለት ምን እንደነበር ከእናቴ አይቼዋለሁ።

በብዛት ያመላልሱት የነበረው ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ጂንስ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ባዶ ካሴት ነው አሉኝ፤ ሶኒ፣ ቲዲኬ፣ ማክሴል። ነገሩ ሲታሰብ ልክ ነው። ሸክላ መታተም ከቆመ በኋላ የዚያን ዘመን ሙዚቃ በሙሉ የተሸከመው ካሴት ነበር። በሰዓት እላፊ ምክንያት ማታ መውጣት አይቻልም፤ ወይ ክለብ ውስጥ ተቆልፎ እስኪነጋ መጨፈር፣ ወይ ቤት ቁጭ ብሎ ቴፕ መስማት ነው። በሮሃ ባንድ አጃቢነት የማሕሙድ አሕመድ፣ የአስቴር አወቀ፣ ከዚያም የንዋይ ደበበ ድምፅ ሰው ቤት የገባው እንደዚህ ነው። ዋናውን ካሴት መግዛት ያልቻለ ባዶ ይዞ ሙዚቃ ቤት ይሄዳል፣ የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ በማግስቱ ተቀድቶ ይወስዳል። ወንድሜ ዝርዝሩን ሲጽፍ ከዘፈኖቹ ደቂቃ ጋር ነበር፤ ካሴቱ የመጨረሻው ዘፈን መሐል ላይ እንዳያልቅበት።

ድሬ ውስጥ ግን የማንም ስም ከዓሊ ቢራ አይቀድምም። እዚህ ተወልዶ፣ ከአፍረን ቀሎ የባህል ቡድን ተነስቶ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አልፎ፣ በ2015 ሲያርፍም እዚሁ ነው የተቀበረው። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ ዘፍኗል፤ የገበያው ሰው ሁሉ የሚናገራቸው ቋንቋዎች ናቸው። ሴትዮዋ ካሴቱን አብዝተው ይዘው ይሄዱ እንደሆነ ስጠይቅ ሳቁ፤ «የእሱን ወደ ውጭ አንልክም፣ እዚሁ ያልቃል» አሉ።

ቴሌቪዥን ለሀብታም ነበር። ባለቀለም ሥርጭት የተጀመረው በመስከረም 1977፣ አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው፤ በእኛ ሠፈር ባለቀለም ቴሌቪዥን ያየሁት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። የሁሉም ሰው የሆነው ሬዲዮ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለድ ሲተርክ መንገዱ ጭር ይላል። በ1980 ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ የተሰማው ከድሬ በመጣ ባትሪ በሚሠሩ ትራንዚስተሮች ነው። ሴትዮዋ ይህንን አልረሱትም፤ በዚያ ሳምንት የድንጋይ ባትሪ ያለ ክርክር ነበር የሸጡት።

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸው መጣ። ዲግሪ ይዞ መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል፣ ከሥራ ሲወጣ ሱቁን ያግዛል። እኔ ዋጋ በብር እየጻፍኩ ሳስቸግር ሴትዮዋ ደብተሬን ገፋ አደረጉት።

«በብር አትቁጠር፤ በቀን ቁጠር። ብሩ ይለዋወጣል።»

አብረን ቆጠርን። ያኔ በዲግሪ የተቀጠረ ሰው በወር 500 ብር ያገኝ ነበር፤ ዝቅተኛው የመንግሥት ደሞዝ 50 ብር ነው። እሳቸው አዲስ አበባ ላይ ጂንሱን እስከ 60 ብር ሸጠዋል። ለባለ ዲግሪው የአራት ቀን ሥራ፣ ለጥበቃው ከአንድ ወር በላይ። ወንድሜ ለምን ለእሁድ ብቻ ያስቀምጠው እንደነበር ያን ጊዜ በሚገባ ገባኝ። ቴፕ ለመግዛት አስተማሪ ወራት ያጠራቅማል። ቤቱ ግን ሌላ ነው። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ ኪራያቸውም ተቀነሰ። የእሳቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት 8 ብር ነበር፤ የባለ ዲግሪ የግማሽ ቀን ደሞዝ ማለት ነው። ከኬላ የተረፈችው ትርፍ ልጆቹን ያስተማረችው ቤቱ ስላልበላት ነው።

«አሁንስ?» ብዬ ወደ ልጁ ዞርኩ።

በስልኩ ደመረ። «ጂንሱ ያው ነው፤ አራት፣ አምስት ቀን። ለስኳር ገንዘብ ካለህ ሰልፍ የለም። ቤት ብከራይ ግን ከወሩ አሥራ ስምንቱን ቀን የምሠራው ለአከራዩ ነው።»

«ለዚህ ነው ከእኔ ጋር ና ያልኩት» አሉ አያቱ። እስካሁን የሚኖሩት በዚያው በቀበሌው ቤት ነው፤ እሱም ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁለተኛውን ክፍል ይዟል።