የክበባችን ድስትና የጋሼ ግፊት

በአንድ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው ቁስል ማጠብ፣ ማስታገሻ መስጠትና ሪፈር መጻፍ ነው። ስለ ደም ግፊት ብዙ ያስተማረኝ ግን የሠራተኞች ክበባችን ወጥ ቤት ነው።

ነገሩ የጀመረው በመጋዘን ኃላፊያችን ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀልጣፋ ሰው ናቸው። በዓመታዊው ምርመራ ግፊታቸውን ስለካ 178/106 አሳየኝ፤ ከፍተኛ ነው። ደረጃ ወጥተው ስለመጡ ይሆናል ብዬ አምስት ደቂቃ አሳረፍኳቸው። ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል አድርገው፣ ሳያወሩ። ደግሜ ለካሁ። 172/104።

«ሲስተር፣ ማሽንሽ ተበላሽቷል» አሉኝ። «እኔ አንድም ቀን ራሴን አሞኝ አያውቅም።»

ይህን ስንቱ ይለኛል! ግፊት ያለበት ሰው የግድ ራሱን የሚያመው፣ ማጅራቱን የሚይዘው ይመስለናል። አብዛኛው ሰው ግን ምንም አይሰማውም። ሳይሰማው ልቡን፣ ኩላሊቱንና አንጎሉን እየጎዳው ይቆያል። ከመለካት በቀር ማወቂያ የለውም።

ሆስፒታል ላክኋቸው። ሐኪሙም በሌላ ቀን ደግሞ ለክቶ አምሎዲፒን የተባለ የግፊት እንክብል አዘዘላቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 138/86 ወረደ። ደስ አለን። ከዚያ ሁዳዴ ገባና ጋሼ ከክሊኒኩ ጠፉ።

ጾሙ አጋማሽ ላይ መሰላል ላይ ሆነው ካርቶን ሲቆጥሩ አዞራቸው። እንደ ዕድል ከሥር የነበረው ልጅ ደግፎ አወረዳቸው። ስደርስ ሰዉ «ረሃብ ነው፣ ጾሙ ነው» እያለ ለስላሳ ሊያጠጣቸው ነበር። ለካሁ፤ 194/118። አምቡላንስ ጠራን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስትሮክ አልነበረም።

ከተረጋጉ በኋላ ጠየቅኳቸው። መድኃኒቱን ትተውታል።

«ወረደልኝ እኮ፣ ሲስተር። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በሎሚ እወስዳለሁ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። የጾም እየበላሁ ምን ይጨምረዋል?»

በነጭ ሽንኩርቱ አልተጣላኋቸውም። ምግብ ነው፣ ይብሉት። ግፊቱን ያወረደው ግን እንክብሉ ነበር። እንክብሉ ሲቆም ግፊቱም ተመለሰ። ቁጥሩ ጥሩ ሲሆን መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት እንጂ ሥራውን ጨርሷል ማለት አይደለም። መቀነሱንም ማቆሙንም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ይህንን ተቀበሉኝ፣ መድኃኒቱንም መልሰው ጀመሩ። ቁጥሩ ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነም። የላይኛው 150ዎቹ ላይ ቆሞ ቀረ። ያኔ «የጾም እየበላሁ» ያሉት ነገር ያሳስበኝ ጀመር።

ቁርስና ምሳቸውን የሚበሉት ክበባችን ነው። ጠዋት ፍርፍር፣ ቀን ሽሮ ወይም ምስር። ስለዚህ ወጥ ቤት ገባሁ።

ወጥ የሚሠሩልንን እናት እትዬ ነው የምንላቸው። ስንት ጨው ይጨምራሉ ስላቸው «በዓይን ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማን ይለካል? በፈቃዳቸው ያን ቀን ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ለ150 ሰው በተጣደው ሽሮ ውስጥ የገባው ጨው 600 ግራም ሆነ። ለአንድ ሰው 4 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ያውም ከቁርስ እስከ እራት ያለው ሁሉ ተደምሮ!

ገና አላበቃም። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። በርበሬው ሲዘጋጅም ጨው ገብቶበታል። እላዩ ላይ የሾርባ ኩብ አለ፤ የኩብ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። በየጠረጴዛው ደግሞ የጨው ዕቃ ተቀምጧል። ጋሼ ሥጋና ቅቤ ጾመዋል፣ ጨው ግን አልጾሙም። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ በደም ሥር የሚሄደው ደም ይበዛል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ያ እንክብል በየቀኑ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነበር።

እትዬ ግን ክፉኛ ተቀየሙኝ። «ሰው የምገድል አስመሰልሽኝ» ብለው ሰላምታም ነፈጉኝ። አልፈርድባቸውም። ስንት ዓመት ያጎረሱትን ሰው ጎዳሽው ሲባሉ ያማል። ኋላ ራሳቸው ክሊኒክ መጡና «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን እኔ ባስተምር አላመጣውም ነበር።

በአንድ ጊዜ አልቀነሱም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አሉት። ምላስ የለመደውን ይረሳል፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። ኩቡን አስወጡ። ሽንኩርቱን ረጋ ብለው ያቁላላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ጨመሩ። ምስሩ ሊቀርብ ሲል ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል። የጨው ዕቃው ከጠረጴዛ ተነስቶ ምግብ ማቅረቢያው መስኮት ጋ ሄደ። የፈለገ ተነስቶ ይወስዳል። አብዛኛው አይነሳም። መጀመሪያ አካባቢ ያጉረመረመ ነበር፣ ኋላ ተረሳ።

የጾም ምግባችንን ማንም እንዲያማብኝ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ዳሽ የተባለው ጥናት አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ቅባቱ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ የሚበዛበት አመጋገብ፣ ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ11 ያህል እንዳወረደ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ጨው ሲቀነስበት ይበልጥ እንደሚወርድ አሳየ። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ድንች የእኛው ማዕድ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ፖታሺየም የተባለ ማዕድን ኩላሊት ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም እንዲያስወጣ ያግዛል። (የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያብዛ።) ጥፋቱ የምስሩ አይደለም።

ጋሼም እርምጃ ጀመሩ። ማታ ሲወጡ ሁለት ፌርማታ በእግራቸው ይሄዳሉ። የቀረን እራታቸው ነበር፤ እሱ ደግሞ በባለቤታቸው እጅ ነው። ይዘዋቸው መጡ። ከእሳቸው ጋር የተነጋገርነው ስለ በርበሬ ነው። የዓመቱ በርበሬ ከነጨው ተፈጭቶ ተቀምጧል፣ ማን ይጥለዋል? እሳቸው ወዲያው መላ አገኙ። «እሱ እስኪያልቅ ወጡ ላይ ጨው አልጨምርም። የሚመጣውን ያለ ጨው አስፈጫለሁ» አሉ።

ባለፈው ስለካቸው ጋሼ 132/84 ነበሩ። እንክብሉን አልተዉም። እትዬ ደግሞ አሁን ዘይቱን እንለካው እያሉኝ ነው።