265 በ70

የፋብሪካውን እግር (ሞላውንና ባሌስትራውን) ሳይነኩ የፒክአፕ ጎማ ማሳደግ ይቻላል፤ ግን አንድ ደረጃ ብቻ። ሁለተኛውን ደረጃ የሚሸጥላችሁ ሰው ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለውን ሽፋን) የሚቆርጥ ወዳጅ አለው፤ ያ ወዳጁ ደግሞ ሞላ የሚቀይር ሌላ ወዳጅ አያጣም። እኔ አንደኛው ላይ ቆሜያለሁ። መኪናዬን ያየ ሁሉ «ለምን ትልቁን አላስገባሽም?» እያለ ስለሚጠይቀኝ መልሱን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መኪናዋ ሃይሉክስ ቪጎ ናት፤ ደብል ጋቢና፣ ባለ 3 ሺህ ሲሲ ናፍጣ፣ ፊቷ በሞላ (በተጠቀለለ ሽቦ)፣ ኋላዋ በባሌስትራ (በተደራረበ ብረት) የምትቆም። ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ስለሆነ ቶታል ስቴሽን (የመለኪያ መሣሪያዬ)፣ ትራይፖድ፣ ችካልና መዶሻ ከውስጧ አይጠፉም። ሳይት ስወጣ ጊንጪ ነው፣ ሙከጡሪ ነው፣ አንዳንዴም ቁልቁል እስከ አዋሽ። ከተማ ስውል ደግሞ ከአራት ኪሎ ተክለሃይማኖት፣ ከተክለሃይማኖት ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ ለገሃር። የጎማ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ስለ ጭቃውና ስለ ድንጋዩ ብቻ ያወራሉ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ በሁለተኛ ማርሽ ከሚኒባስ ኋላ ስለሚሳበው ሰው ማንም አያወራም።

መጀመሪያ ሒሳቡ። የፋብሪካው ጎማ ጎን ላይ 265/65R17 የሚል ተጽፏል። 265 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 የጎኑ ቁመት የስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራል። 17 ቸርኬው ነው፣ በኢንች። ስለዚህ ጎኑ 172 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁ ቸርኬውን (17 ኢንች 432 ሚሊ ሜትር ነው) ስትጨምሩበት ቁመቱ 776 ይሆናል። እኔ ያስገባሁት 265/70R17 በዚሁ ስሌት 803 ነው። ጎማ ተራ ያሉት ልጆች ሊሸጡልኝ የነበረው 285/70R17 ደግሞ 831።

776ን ከ803 ስትቀንሱ 27 ሚሊ ሜትር ታገኛላችሁ። መኪናዋ ግን 27 አትነሳም። የምትነሳው ከቸርኬው መሐል በታች በተጨመረው ብቻ ስለሆነ ግማሹ ነው፦ 13 ሚሊ ሜትር። የትንሿ ጣቴን ስፋት እንኳ በወጉ አይሞላም። ለዚህ ነው «መኪናዬ ተነሳች» የሚል ሰው ስሰማ ሜትሬን ከኪሴ ማውጣት የሚያምረኝ። ልማድ ነው፣ አትቀየሙኝ።

ታዲያ ለምን አስገባሁት? ለጎኑ ብዬ ነው። በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ያለው ላስቲክ በዚያው 13 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። የሙከጡሪው ኮረት ላይ ስሄድ የሚያስፈራኝ ሆዷ መንካቱ ሳይሆን ስለታም ድንጋይ ጎማውን ቸርኬው ላይ አጣብቆ ጎኑን መቁረጡ ነው። ጎኑ የተቆረጠ ጎማ ደግሞ ጎሚስታ ጋ ቢሄድም አይድንም። ጊንጪ ላይ ግን ይሄ ቁመት ብዙም አይፈይድም። መረሬው (ጥቁሩ አፈር) ክረምት ላይ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ይለጥፈዋል፤ ያኔ 776ም ሆነ 831 እኩል ይንሸራተታል። እዚያ የሚያድነው ጥርሱ ሰፋ ያለና ጭቃ የሚተፋ ጎማ ነው፣ ወይም ቀኑን መቀየር።

አሁን ወደሚያፋጨው ነገር ልምጣ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ቪጎ ላይ ትልቅ ጎማ መጀመሪያ የሚነካው ከፊት ጎማ ኋላ ያለውን ነው፦ ጭቃ መከላከያውን ላስቲክ፣ ከዚያ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ወዲያ ጋቢናው ከቻሲው የሚታሰርበትን ብረት። ቆማ ሳለች መሪ ብትሰብሩ ላይነካ ይችላል። ሻጩም የሚያሳያችሁ ይሄንኑ ነው፤ መሪውን ወዲህ ወዲያ ያዞርና «አየሽ፣ አይነካም» ይላል። ችግሩ መኪና የሚነዳው ቆሞ አይደለም። ፍሬን ስትይዙ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ይገባል። መሪው በዚያች ሰዓት ከተሰበረ ነው የሚፋጨው። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ እግራችሁ ፍሬን ላይ ነው፤ አደባባዩ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ትጠመዝዛላችሁ። ፈተናው ያ ነው። ኋላ ላይ ዕቃ መጫን እንዲያውም ፊቷን ቀለል ስለሚያደርጋት፣ ጭነት ጭኖ «ሞከርኩት» የሚል ሰው የሞከረው የኋላውን ብቻ ነው።

ጎማዬን የገጠሙልኝ ጎሚስታ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው መንገድ ላይ ሳይወጡ ሞከሩት። አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ የኮንክሪት ድንጋይ ላይ አወጡት። ሰውነቷ ተጋድሞ የዚያ ጎን ሞላ ሲጨመቅ መሪውን እስከ መጨረሻው በግራም በቀኝም አሰበሩኝ፣ ወደፊትም ወደኋላም አስነዱኝ። እሳቸው በባትሪ ያዩ ነበር። ከዚያ ሌላኛውን ጎን። ጭቃ መከላከያው ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ነካ፤ እሱንም ቡሎኑን ፈትተው ወደ ኋላ ሳቡት፣ አለቀ። ብረት አልተቆረጠም። «ልጄ፣ ይሄ ይበቃሻል። ከዚህ በላይ ያለው ለፎቶ ነው» አሉኝ።

ጠባብ ሆኖ ለሚያስቸግረው ሰው አንድ ነገር አለ። የፊቱን ጎማ ከቻሲው የሚያያይዘውን የታችኛውን ክንድ የሚይዙት ቡሎኖች ማስተካከያ ያላቸው ናቸው፤ ካምበር (ጎማው ወደ ጎን የሚያዘነብልበት ልክ) እና ካስተር (ጎማው መሪ ሲዞር የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ) የሚስተካከሉት በነሱ ነው። ጎበዝ የአላይመንት ባለሙያ ካስተሩን በፋብሪካው ወሰን ውስጥ ጨመር ቢያደርገው ጎማው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከኋላ ያለው ክፍተት ይሰፋል። ነገር ግን ወደ ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) እየቀረባችሁ መሆኑን አትርሱ። ጎማ ቀይሮ አላይመንት አለማሠራትማ አዲሱን ጎማ በአንድ ጎኑ ለመብላት መስማማት ነው።

ቸርኬ አልቀየርኩም። ጎማ ተራ ያሉት ልጆች በዚህ አዘኑብኝ። ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ ቸርኬ ያምራል፣ አልክድም። ግን ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መሪ ሲሰበር የሚዞርበት ክብ ይሰፋል፤ የፋብሪካው ቸርኬ ላይ በሰላም ያልፍ የነበረው ያው ጎማ አሁን ፓራፋንጎውን ይመታል። ሸክሙም ከኩሽኔታው ስለሚርቅ ኩሽኔታውን ይበልጥ ይጫነዋል። በቸርኬውና ቸርኬው በሚታሰርበት ብረት መካከል የሚገባው ወፍራም ቀለበት ሥራውም ያው ነው። «እህቴ፣ ሁሉም እያስገባ ነው» ተባልኩ። ይግባላቸው።

ሞተሩ ነገሩን ያውቀዋል። ጎማው በ3.4 በመቶ ሲያድግ ሁሉም ማርሽ በዚያው መጠን የከበደ ያህል ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለሞተሩ አየር የሚገፋው ተርቦ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ግን ተርቦ የሚነሳው ሞተሩ ዞር ዞር ሲል ነው፣ እኛ ደግሞ ዳገቱን የምንጀምረው ከቆምንበት ነው። ከድልድዩ ወደ አራት ኪሎ ስወጣ ልዩነቱ ይሰማኛል፦ ድሮ በሁለተኛ የምታልፈው ቦታ ላይ አንዳንዴ አንደኛ ትጠይቃለች። 831 ቢሆን 7 በመቶ ነበር፤ በዚህ ትራፊክ ውስጥ ያ ማለት ፍሪሲዮን ማጨስ ነው። ፍሬኑም እንደዚያው፣ ጎማው ሲረዝምና ሲከብድ ለማቆም ፔዳሉ ላይ ይበልጥ መጫን ግድ ነው። አሞርዛተሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሰው ደግሞ የጎማውን ብር መጀመሪያ እዚያ ያውለው፤ ከባድ ጎማ በደከመ አሞርዛተር ላይ ኮሮኮንች ሲያገኝ መዝለሉን አያቆምም።

የፍጥነት ጌጁ አሁን ይዋሻል፣ ጥቂት። 60 ሲያሳይ እውነቱ 62 ነው። ባለ 285ቱ 64 ይሆን ነበር። (ቀድሞውንም ጌጆች ከእውነቱ ከፍ አድርገው ስለሚያሳዩ የኔው ከጂፒኤሱ ጋር አሁን ይበልጥ ተስማምቷል። ቶታል ስቴሽን ተሸክሜ እየዞርኩ ይሄን አለመለካት አልችልም።) የተጓዛችሁትንም ኪሎ ሜትር አሳንሶ ስለሚቆጥር ነዳጅ በላች ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት በ3.4 በመቶ አስተካክሉት። ከዚያ በኋላም ትንሽ ትበላለች፣ እውነት ነው።

ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አትርሱ። ብዙ ሰው አራት ጎማ ገዝቶ አሮጌውን ስኮርታ እዚያው ሰቅሎት ይሄዳል። ቪጎ ፎር ዊል ስትገባ የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ትታሰራለች፤ በመካከላቸው ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የላትም። አንዱ ጎማ ካነሰ፣ ደረቅ መንገድ ላይ ፎር ዊል ያስገባ ሰው ካምቢዮውን እያጣመመ ነው። በተለይ ጭቃ ውስጥ ጎማ ፈንድቶ ስኮርታ የገጠመ ሰው ከዚያው ለመውጣት ፎር ዊል ነው የሚያስገባው። እኔ አምስት ገዛሁ። ኪስ ይጎዳል። ከዕቃ መጫኛው ሥር ያለው የስኮርታ ቦታ ባለ 803ቱን ተቀበለው።

ስትገዙ የጎማውን ጎን በደንብ አንብቡ። ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ። የሚያብረቀርቅ ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የተቀመጠ ላስቲክ በቅባት ሲወለወል ያበራል። አምስቱም ላይ ቁጥሩን አንድ በአንድ ሳይ ሻጩ «እናቴ፣ አታምኝንም?» አለ። አምኜው ነው ያየሁት።

ንፋሱ ላይ ጎሚስታ ሁሉ የራሱ ሃይማኖት አለው። የጭነት ጎማ ስለሆነ ብሎ እስከ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የሚሞላ አለ። ያኔ ጎማው መሐሉ ላይ ብቻ ይቆማል፣ ትቦርቃለች፣ ቶታል ስቴሽኔም ከነሳጥኑ ይዘላል። በር ላይ ያለውን የፋብሪካውን ሠሌዳ መነሻ አደርጋለሁ፤ ጎማው ጠንካራ ክር ያለው ዓይነት ስለሆነ ከዚያ ጥቂት ከፍ አደርገዋለሁ፣ ዕቃ ሲበዛ ኋላውን እጨምራለሁ። ወደ አዋሽ ስወርድ ሌላ ነገር አለ። የንፋስ ጌጁ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው፣ ቆላ ደግሞ የውጭው አየር ይከብዳል። አዲስ አበባ የሞላችሁት ጎማ እዚያ ሲቀዘቅዝ ብትለኩት 2 ፒኤስአይ ያህል ሊያንስ ይችላል፤ ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ይጨምረዋል። ስለዚህ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ እዚያው ቆላው ላይ ለኩት።

የጎማዎቹን ዳዶዎች ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ እንደገና አስጠብቁ። ጋሼ ይሄን በነፃ ነው የሚያደርጉት፤ ግን ከሰዓት በኋላ ሰልፍ ስላለ ጠዋት ሂዱ።