የተሰበረውን የመኪናዬን በር ክንድ ማሳረፊያ እንዴት ጠገንኩት

በሩን ልዘጋ ስስበው ክንድ ማሳረፊያው ቀጭ አለና ከፊት በኩል ተንጠልጥሎ ቀረ። መኪናው ይሄዳል፣ በሩም ይዘጋል። ግን በሩን በሳብኩ ቁጥር ያ ነገር እጄ ላይ ሲወዛወዝ ያበሳጨኝ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት በሱፐር ግሉ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ጠብ ጠብ አድርጌ ይዤው ቆየሁ። የያዘ መሰለኝ። በማግስቱ በሩን ስስብ ተላቀቀ። ስብራቱ ከጀርባ ሆኖ ሳለ እኔ የማክመው ከፊት ነበር።

ስለዚህ የበሩን ፓነል፣ ማለትም የውስጥ ሽፋኑን፣ ለማውረድ ቆረጥኩ። ቀድሜ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታሁ። አንዳንድ መኪኖች በራቸው ውስጥ የኤርባግ ሴንሰር ስላላቸው ይሄን መዝለል አይገባም። ቪቴዎቹ የተደበቁ ናቸው። በእኔ መኪና አንዱ ከመክፈቻው ጀርባ በትንሽ ክዳን ተሸፍኗል፣ ሁለቱ ከክንድ ማሳረፊያው ሥር ናቸው። ዙሪያውን የያዙት ክሊፖች ናቸው። በብረት ካቻቪቴ ብትፈለቅቋቸው ቀለሙን ይጭራል፤ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይሻላል። እንዲያም ሆኖ ሁለት ክሊፕ ሰብሬአለሁ። ትርፍ ክሊፕ ሳትይዙ አትጀምሩ። ፓነሉ ሲላቀቅ ደግሞ በኃይል አትጎትቱት፤ የመስኮቱ ማብሪያ ገመድና የመክፈቻው ኬብል ከኋላ ተያይዘዋል።

ገልብጬ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ቪቴ የሚገባባቸው ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች ከሥራቸው ተሰንጥቀዋል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ጉተታውን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚህ ጣት የማያህሉ ቱቦዎች ናቸው!

እዚያው ጀርባው ላይ የፕላስቲኩ ዓይነት ተጽፏል፤ «ፒፒ» ይላል። ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። ሱፐር ግሉው ለምን እንዳልያዘ ያኔ ተረዳሁ። ይሄ ፕላስቲክ ሙጫ አይወድም፤ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ሙጫም ቢሆን ከላዩ ይላጣል። «ኤቢኤስ» የሚባለው ሌላው የፕላስቲክ ዓይነት ቢሆን ኖሮ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ በቀባሁት ነበር። ለፒፒ ግን መፍትሔው ሙቀት ነው።

መስኮት ከፍቼ፣ የሬዲዮ ጠጋኞች ሽቦ በሚበይዱበት ጫፉ በሚግል ትንሽ የኤሌክትሪክ መበየጃ ሥራ ጀመርኩ። ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ስንጥቁ ላይ ቀጭን የማይዝግ ሽቦ ወንፊት አስቀምጬ በጋለው ጫፍ ፕላስቲኩ ውስጥ አሰመጥኩት። ከላይ፣ «ፒፒ» ከሚል አሮጌ ዕቃ የቆረጥኩትን ቁራጭ አቅልጬ ሞላሁበት። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲኩ መጭስ ከጀመረ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ ጥንካሬ አይኖረውም። እንዲቀዘቅዝም ጊዜ ስጡት፤ ሳይበርድ ከነካችሁት ይጣመማል።

በዚህ ብቻ ግን አላመንኩም። ሁለቱን ቱቦዎች የሚያገናኝ ቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጬ፣ በትራፓኖ በስቼ፣ ሰፋ ካለ ሮንዴላ ጋር አሰርኩት። ጉተታው አንድ ነጥብ ላይ ከማረፍ ይልቅ ተከፋፈለ። ከሁሉም የምወደው የሥራው ክፍል ይሄ ነው። የቪቴውን ርዝመት ግን ለኩ፤ ከረዘመ በፊት በኩል በስቶ ይወጣል።

ስመልሰው ከፓነሉ ጀርባ ያለውን ላስቲክ ጠርዙን ዙሪያውን መልሼ አጣበቅኩት። በመስታወቱ በኩል በሩ ውስጥ የሚገባ ውኃ አለ፤ ላስቲኩ ክፍት ከቀረ ወደ ምንጣፉ ይወርዳል። ቪቴውን ሲይዝ አቆምኩ፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ ራሱ ቱቦውን ይሰነጥቃል። ክሊፖቹን ከመጫኔ በፊት ባትሪውን መልሼ መስኮቱንና ቁልፉን ሞከርኩ።

በሩም ይከብድ ስለነበር ማጠፊያውን ግሪስ ቀባሁት። አሁን በሁለት ጣት ስስበው ይዘጋል። ቀጣዩ የተሳፋሪው በር ነው፤ የእሱም ክንድ ማሳረፊያ መነቃነቅ ጀምሯል፣ ሳይሰበር ላሜራውን አስርለታለሁ።