የማድሪዱ አይብ እና የኔ «ያ»

ቅዳሜ ረፋድ ማድሪድ ውስጥ አይብ ልገዛ ገበያ ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ሁለቱም እጆቼ ፌስታል ይዘዋል። የፈለግኳት ትንሽዬ የፍየል አይብ ደግሞ ከሻጩ ጀርባ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናት። እንደ አገሬ ልማድ በአገጬ ጠቆም አድርጌ «ኪዬሮ ኤሴ» አልኩ፤ ያንን እፈልጋለሁ ማለቴ ነው።

ሰውየው ክርኑ ሥር የነበረውን ድፍን ማንቼጎ የሚባል የበግ አይብ ብድግ አድርጎ ቢላዋውን አነሳ።

ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እኛ «ይሄ» እና «ያ» ብለን እንገላገላለን፤ ስፓኒሽ ግን ለሦስት ነው የሚከፍለው። ኤስቴ ለእኔ ቅርብ፣ ኤሴ ለአንተ ቅርብ፣ አኬል ከሁለታችንም የራቀ። የኛ «ያ» ኤሴንም አኬልንም ጠቅልሎ ስለሚይዝ ምላሳችን አጭሩን ይመዛል። ኤሴ ካልኩ ሻጩ አጠገቡ ያለውን ቢያነሳ ምን ያድርግ?

«¿ኤስቴ?» አለኝ ማንቼጎውን ከፍ አድርጎ።

እኔም ቃሏን ቀለብ አድርጌ «ኖ፣ ኤስቴ!» አልኩ። ይኼኛው ወጥመድ ይብሳል። እሱ እጁ ላይ ያለውን ኤስቴ ሲል እኔ ያንኑ ዕቃ ኤሴ ማለት አለብኝ፤ ቃሉ እንደ ተናጋሪው ይገላበጣል። የኔ ኤስቴ እኔ አጠገብ ያለ ነገር ነው። እኔ አጠገብ ደግሞ አንዲት አሮጊት ከፍለው ባንኮኒው ላይ ያስቀመጡት ጥቅል ነበር። ሻጩ እጁን ሲሰድ ሴትየዋ ጥቅላቸውን ላፍ አደረጉ።

ነገር ላበርድ ብዬ «ኖ፣ ኖ! ኤስ ዴ ላ ሴኞራ ኤሳ!» አልኩ። ኤሳ የኤሴ የሴት መልክ ናት። እንዲህ ያለው ጠቋሚ ከስም በፊት ሲመጣ ደህና ነው፤ ከስም በኋላ ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ንቀት አለበት። «የእትዬ ነው» ልል ፈልጌ «የዚያች ሴትዮ ነው» ብዬ አረፍኩት። «ዴ ላ ሴኞራ» ብቻ ብል ይበቃኝ ነበር።

«¿ኤሳ?» አሉ፣ ከእግር እስከ ራሴ እየገረመሙኝ።

ላቤ መጣ። ያን ጊዜ አኬል ትዝ አለኝ። ግን አይቧ ትንሽ ናት፤ እኛ ደግሞ ትንሽና የምትወደድ ነገር ስናይ «ያቺን» እንላለን። ስለዚህ በሴት አድርጌ «አኬያ!» አልኩ። ኬሶ፣ ማለትም አይብ፣ የጤፍ ፍሬ ቢያክልም ወንድ ነው፤ የስፓኒሽ ስም በመጠን ጾታ አይቀይርም። ሻጩ ወደ ላይ ተንጠራርቶ በሴት የሚጠራ ነገር ፈለገና አንድ ብልቃጥ የበለስ ማርማላታ አወረደ። ሜርሜላዳ ሴት ናት። ሰዋስው አክባሪ ሰው ነው፤ ምን ይባላል?

በመጨረሻ ፌስታሎቹን መሬት አስቀምጬ በጣቴ እየጠቆምኩ «አኬዮ» አልኩ። በኦ የሚጨርሱት ኤስቶ፣ ኤሶና አኬዮ ስሙ ላልታወቀ ነገር ወይም ለጠቅላላ ሐሳብ የሚሆኑ ናቸው፤ ጾታ አይጠይቁም፣ ከስም ጋር አይገቡም። ኤስቶስ የኤስቶ ብዙ ቁጥር ይመስላል እንጂ የኤስቴ ነው። ለሰው ግን እንዳትሞክሯቸው፤ ጓደኛን «ኤስቶ» ብሎ ማስተዋወቅ ዕቃ ማድረግ ነው።

ሻጩ አሁንም መደርደሪያውን ሲቃኝ አሮጊቷ ጥቅላቸውን እንዳቀፉ «አኬል ኬሶ፣ ኢኾ!» አሉ፤ ያንን አይብ፣ ልጄ! ማለታቸው ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ገብቷቸው ነበር። ማርማላታውንም አብሬ ከፈልኩ፤ አንዴ ተጠቅልሏል።