ቀለሙን ፋቁት፣ ከስሩ ዋንዛ ነው

ሐምሌና ነሐሴ ደብረ ማርቆስ ላይ የዕቃ ወቅት ነው። ዝውውር የወጣለት አስተማሪ በሉት፣ የጤና ባለሙያ በሉት፣ ቤቱን ጠቅልሎ ሲሄድ ከባድ ከባዱን ዕቃ ሸጦ ነው የሚሄደው፣ አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ቁምሳጥን አስጭኖ የሚሄድ የለማ፣ እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ይቺን ጊዜ ነው። እንጀራዬ ሌላ ሥራ ነው፣ ቅዳሜና እሁዴ ግን አሮጌ ወንበርና ሳጥን ማደስ፣ ከሱ የተረፈውን ጨርቅና ቆዳ ደግሞ ቦርሳ አድርጎ መስፋት ነው።

ከልቤ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሰው ከአያቱ የወረሰውን የዋንዛ ሳጥን "አረጀ" ብሎ በማገዶ ዋጋ ይሸጥና የኤምዲኤፍ ቁምሳጥን ይገዛል። ኤምዲኤፍ እኮ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨፍልቆ ነው፣ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ማጠፊያው አንዴ ከተገነጠለ ብሎን መልሶ አይዝም። ዋንዛ ይላጋል፣ ይፋቃል፣ የተሰበረው ተቆርጦ ሌላ ይገባለታል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ደሞ እንደ ልብ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ፣ ለጣውላ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል፣ ዛሬ ገበሬው የሚተክለው ቶሎ የሚደርሰውን ነው፣ ባህር ዛፍ ነው፣ አዊ በኩል ደግሞ ለከሰል የሚሆነው ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ቤት ያለው ዋንዛ ከሄደ ሄደ ማለት ነው።

ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ ከላይ አላይም፣ ገልብጬ ነው የማየው። ከስር በኩል ቀለም ስለማይቀቡት እንጨቱ እራሱን ይናገራል፣ መሳቢያ ካለውም መሳቢያውን አውጥቶ ጀርባውን ማየት ነው። ነቀዝ የበላው ከሆነ ቀዳዳዎቹን መታ መታ አድርጉት፣ እንደ ዱቄት ያለ ትኩስ ብናኝ ከረገፈ ነቀዙ ገና በሕይወት አለ ማለት ነው፣ ምንም ካልወጣ ብዙ ጊዜ የድሮ ጉዳት ነው፣ አትፍሩት። እግሩ መወዛወዙ ምንም አይደለም፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው የድሮ ኮላ ስለደረቀ ነው፣ ፈቶ፣ አሮጌውን ኮላ ፍቆ፣ አዲስ ቀብቶ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሳደር ነው።

አሁን በእጄ ያለው ወንበር ሰማያዊ ቀለም፣ ከሱ ስር አረንጓዴ፣ ከሱ ስር ቡናማ ነበረው። ሰፈራችን ያሉት አናጢ፣ አያ ነው የምላቸው፣ ቀለም የሚፍቁት በመስታወት ስባሪ ነው፣ እኔም ከሳቸው ነው ያየሁት። "ቀስ እያልሽ፣ አዘንብለሽ ያዢው፣ እንጨቱ የሄደበትን ተከተይ" ይላሉ። በትክክል ከተያዘ ቀለሙ ተጠቅልሎ ይነሳል፣ ሦስተኛው ቀለም ሲለቅ ያ ቀላ ያለው የዋንዛ ቆዳ ብቅ ይላል፣ እኔ በዛች ሰዓት ምግብም አያምረኝም። ከዛ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ሻካራው 80፣ ቀጥሎ 120፣ መጨረሻ 240፣ ሁሌም በእንጨቱ መስመር እንጂ አግድም አይደለም፣ አግድም የተጫረ ቫርኒሽ ሲቀባ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የድሮ ዘይት ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል ውሃ እያርከፈከፋችሁ ፋቁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆች አጠገቡ አይድረሱ፣ ይሄን ችላ አትበሉብኝ። ቫርኒሹ ደግሞ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን አይቀባም፣ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርገዋል፣ አንዳንዱም ነጭ ነጭ ይላል፣ ስለዚህ ክረምት የገዛሁትን ክረምቱን እፍቃለሁ፣ መስቀል ሲጠባ እቀባለሁ።

ወደ ቦርሳው ስንመጣ፣ የምወደው ጨርቅ የተቀደደ ቡሉኮ ነው። ጠርዙ ቢበላም መሀሉ ጤነኛ ነው፣ እና እንደዛ ወፍራም ጥጥ ሱቅ ገብታችሁ አታገኙም፣ የተፈተለውም በሰው እጅ ነው፣ እንዴት ይጣላል? ገበሩን አቡጀዲ አደርገዋለሁ፣ በመሀል ደግሞ የታጠበ ማዳበሪያ አስገባለሁ፣ ቦርሳው ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ከውጪ ማንም አያውቅም። ሲንጀሬ በእግር የሚረገጥ ነው፣ ለወፍራም ጨርቅ 18 ቁጥር መርፌ ነው የምጠቀመው፣ ስፌት በስፌት ላይ የሚደራረብበት ቦታ ስደርስ መጀመሪያ በመዶሻ ቀጥቅጬ አሳሳዋለሁ፣ ከዛ እግሬን አንስቼ መንኮራኩሩን በእጄ እያዞርኩ አንድ በአንድ አሳልፈዋለሁ። ማንገቻው የሚያያዝበትን ደግሞ አራት ማዕዘን ሰፍቼ መሀሉን በመስቀለኛ ነው የማስረው፣ ቦርሳ ቀድሞ የሚበጠሰው እዛ ጋ ነውና። እማዬ የመጀመሪያውን ገበያ ይዛ ትሄዳለች፣ ድንች ትሞላበታለች፣ እስካሁን ክር አልተመዘዘም።

ቀጣዩ የጠፍር አልጋ ነው። ፍሬሙ ወይራ ነው፣ ድንጋይ በሉት፣ ጠፍሩ ግን ግማሹ ተበጣጥሷል። ጠፍር በደረቁ አይወጠርም፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ ነው የሚወጠረው፣ ሲደርቅ እራሱ ይሰበሰብና ይከራል። ቆዳውን ከአያ ጋር ሄደን ቅዳሜ ገበያ እንመርጣለን፣ የሚተርፈው ቁራጭ ከወዲሁ ለቦርሳ ማንገቻ ተይዟል።